ውሃው መውጫ ይኑረው፦ ስለ ጁገል ግድግዳዎች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በሐረር የቅርስ ጥበቃን፣ የግንባታ ፈቃድንና የመንገድ ሥራን ለምትመሩ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፤ እንዲሁም በጁገል ውስጥ ቤት ላላችሁ ወገኖች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የድሮ የድንጋይ ቤቶችን በሲሚንቶ መለሰን እንዲቆም፣ ኖራም ለነዋሪው በቅርብ እንዲገኝ ስለመጠየቅ

ሥራዬ ግንበኝነት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜዬን የማሳልፈውም በግንብ በታጠረችው በጥንቷ ሐረር፣ በጁገል፣ የድሮ ቤቶች ግድግዳ ሥር ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ከአንዱ ሰፈር «የእገሌ ግድግዳ ተናደ» የሚል ወሬ ይሰማል። ምክንያቱ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ «አርጅቶ ነው» የሚል ነው። እኔ ይህን መልስ መቀበል አቅቶኛል። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከተማዋን ያጠሩበት ግንብ በአካባቢው ድንጋይ፣ በጭቃና በእንጨት ተሠርቶ፣ በየዘመኑ እየተጠገነ እስከ ዛሬ ቆሟል። በውስጡ ያሉት ቤቶችም የብዙ ትውልድ ክረምት አሳልፈዋል። ያን ሁሉ ዘመን የቻለ ግድግዳ በእኛ ጊዜ፣ ያውም «ታደሰ» ከተባለ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከወደቀ፣ እርጅናን መውቀስ ነገሩን መሸፋፈን ነው። ፈትሼ ያየኋቸው የወደቁና ለመውደቅ የተቃረቡ ግድግዳዎች አብዛኞቹ አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ከውጭ በሲሚንቶ ተለስነዋል።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የድሮው ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሜትር በላይ ውፍረት አለው። ሁለት ፊት ድንጋይ ነው፣ መካከሉ በጭቃና በጠጠር ተሞልቷል፣ ላዩ በጭቃ ወይም በኖራ ተለስኗል። ይህ ግድግዳ ውሃ ጨርሶ እንዳይገባበት ተብሎ የተሠራ አይደለም። ዝናብ ሲመታው ጥቂት ይጠጣል፣ ከመሬትም እርጥበት ይስባል፤ ፀሐይ ሲወጣና ነፋስ ሲነፍስ ግን የጠጣውን በልስኑ በኩል መልሶ ያወጣዋል። የጤንነቱ ምሥጢር ይኸው ነው። የገባው ውሃ መውጣት እስከቻለ ድረስ በውስጡ ያለው ጭቃ ደረቅ ነው፤ ደረቅ ጭቃ ደግሞ ድንጋይን አጥብቆ ይይዛል።

ሲሚንቶ ይህን መንገድ ይዘጋዋል። በለስላሳ ድንጋይና በጭቃ ላይ የተለጠፈ የሲሚንቶ ልስን ሲደርቅ ይሰበሰባል። ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቁበትም ከግድግዳው ጋር እኩል አይላወስም፤ ስለዚህ መሰንጠቁ አይቀርም። በስንጥቁ የዝናብ ውሃ ይሳባል፤ ገብቶ ግን በዚያ ቀጭን መስመር ተመልሶ ሊወጣ አይችልም። ግድግዳው በየክረምቱ ከሚያወጣው የሚያስገባው እየበለጠ ይሄዳል። ክፋቱ ደግሞ ይህ ሁሉ ከውጭ አለመታየቱ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ቤቱ ያምራል፣ ባለቤቱ ይደሰታል፣ ጎረቤትም አይቶ ተመሳሳዩን ያስደርጋል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይህ ነው።

ባለፈው ዓመት ከጁገል በሮች አንዱ ከሆነው ከቡዳ በር ብዙም በማይርቅ ጠባብ መንገድ ላይ ያለ ቤት እንዳይ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ግድግዳው ከውጭ ሲያዩት ምንም አይልም። ግራጫ ልስኑ ደልደል ያለ፣ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። በጉልበት ከፍታ ላይ ብቻ አንዲት ቀጭን ስንጥቅ በአግድም ሄዳለች። በመዶሻ እጀታ መታ መታ ሳደርገው ከኋላው ክፍት መሆኑን የሚናገር ድምፅ ሰጠኝ። የመሮዬን ጫፍ አስገብቼ ስጎትተው የክንድ ስፋት ያለው ልስን እንዳለ ተገንጥሎ ወረደ። በስተኋላው ያለው ጭቃ፣ ዝናብ ካቆመ ወራት አልፈው እንኳ፣ እጅ ላይ የሚለጠፍ እርጥብ ነበር። ድንጋዩ ነጭ ጨው አውጥቷል፤ በጥፍሬ ስፍቀው የድንጋዩ ፊት አብሮ ተነሳ። ከበላዩ ያሉት ሁለት ድንጋዮች ከቦታቸው ለቅቀው ወደ ውጭ ገፍተዋል፤ የያዛቸው ልስኑ ብቻ ነበር። በዚያ ግድግዳ ሥር ልጆች ይጫወቱ ነበር።

ጨውን በተመለከተ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ውሃ ከመሬትና ከድንጋዩ ውስጥ ጨው አሟሙቶ ይዞ ይጓዛል፤ ውሃው በሚተንበት ቦታ ጨው ይቀራል። ልስኑ ኖራ ከሆነ ውሃው እስከ ልስኑ ፊት ድረስ ስለሚወጣ ጨው የሚያበላሸው ልስኑን ነው። ልስኑ ሲሚንቶ ሲሆን ግን ጨው ከኋላ፣ በድንጋዩ ውስጥ ይረጋል፤ እየረጋም ሲሄድ ድንጋዩን ከውስጥ ይሰብረዋል። ስለዚህ ልስንም ሆነ የድንጋይ ማያያዣ ሁልጊዜ ከድንጋዩ ይልቅ ደካማ መሆን አለበት። ልስን ቢበላሽ በሌላ ልስን ይተካል፤ ድንጋይ ሲያልቅ ግን ግድግዳው ራሱ አለቀ። የወጣ ጨው ያያችሁ የቤት ባለቤቶችም በውሃ አትጠቡት፤ ውሃው አሟሙቶ መልሶ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። በደረቅ ብሩሽ ጥረጉና ከቤት አውጥታችሁ ድፉት።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ የተከበራችሁ ኃላፊዎች። አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤቴ የአንድ ግድግዳቸው ጥግ እየተናደ ስለነበር ለማስጠገን ፈቃድ ጠየቁ። ጥገናው ጥቂት ድንጋይ መልሶ ማስቀመጥና መለሰን ብቻ ነበር። የተጠየቁት ግን አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው የሚጠየቀውን ሁሉ ነው። ያም አልበቃ ብሎ የመጣው ባለሙያ «በሲሚንቶ ካልተለሰነ ዘላቂ አይሆንም» ብሏቸው ሄደ። ወረቀቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ክረምቱ ገባ፤ ጥጉም ወረደ። ሰው አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን የምጽፈው ማንንም ለማሳጣት አይደለም። ባለሙያው የተማረው ኮንክሪትና ብሎኬት ነው፤ በተማረው መጠን ቅን ምክር መስጠቱ ነበር። ችግሩ የጭቃና የድንጋይ ግድግዳ ምን እንደሚፈልግ የሚያስተምረው አለማግኘቱ ነው።

ጁገል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር ከ82 መስጊዶቹና ከ102 የዝያራ ሥፍራዎቹ ጋር ልዩ አድናቆት ያገኘው የመኖሪያ ቤቶቹ የውስጥ አሠራር ነበር። ከፍና ዝቅ እያለ የተደረደረው ነደባ (የመቀመጫ መደብ)፣ በግድግዳው ውፍረት ውስጥ የተቀረጹት መደርደሪያዎች፣ ቀዩ ወለል፣ እነዚህ ሁሉ የግድግዳው አካል ናቸው። ግድግዳው ሲረጥብ አብረው ይበሰብሳሉ። የውጭውን መልክ ብቻ ጠብቆ ቅርስ ተጠበቀ ማለት አይቻልም።

ታዲያ ምን ይደረግ ትሉኝ ይሆናል። መልሱ ኖራ ነው፤ ኖራ ደግሞ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ከእኛ ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም በማይርቀው በድሬዳዋ ዙሪያ ያለው መሬት የኖራ ድንጋይ ነው፤ በጣልያን ወረራ ዘመን ሲሚንቶ ፋብሪካ እዚያ የተተከለውም በዚሁ ድንጋይ ምክንያት ነው። የኖራ ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ እሳት ሲነድ በውስጡ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የቀረው ጥሬ ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ይፈራርሳል፣ ነጭና ለስላሳ ሆኖ ይላቁጣል። ይህ የላቆጠ ኖራ ውሃ ከላዩ ሳይለየው በጉድጓድ ወይም በበርሜል ቢቀመጥ አይበላሽም፤ እየቆየ ይሻሻላል እንጂ። ግድግዳ ላይ ከዋለ በኋላ በእሳት ያጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ቀስ ብሎ ይመልስና እንደገና ድንጋይ ይሆናል። ጥንካሬው ከሲሚንቶ ያነሰ ነው፤ እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነው። ግድግዳው ትንሽ ሲላወስ አብሮት ይላወሳል፤ የገባውን እርጥበትም ያስወጣል።

አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ግንበኞች የሚሸሹትም ለዚህ ነው። የላላው ነገር ሁሉ ተጠርጎ፣ የጎደለው በትናንሽ ድንጋይና በጭቃ ተጠቅጥቆ፣ ግድግዳው በውሃ ርሶ መጀመር አለበት። አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ ንጹሕ አሸዋ ይበቃል። አንዱ ድርብ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ጠንከር ሳይል ሌላው አይደረብበትም። ለቀናት ያህል እርጥብ ጆንያ እየጋረዱ ከፀሐይና ከነፋስ መከለል ያስፈልጋል፤ ቶሎ የደረቀ ኖራ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። አሸዋው ጭቃ ያለበት እንደሆነ ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። በጠርሙስ ውስጥ ውሃ ጨምሮ መበጥበጥና ማሳደር ነው፤ አሸዋው ከሥር ይረጋል፣ ጭቃው ከላዩ በግልጽ ተለይቶ ይታያል። ወፍራም የጭቃ ንጣፍ ከታየ ያ አሸዋ ሳይታጠብ አይነካም። ጥሬ ኖራ በውሃ ስታበርዱ ዓይናችሁን ሸፍኑ፤ ሁልጊዜ ኖራውን ወደ ውሃ ጨምሩ እንጂ ውሃውን ወደ ኖራው አታፍስሱ። ዓይን ያጠፋል።

«ለማጠንከር ያህል ትንሽ ሲሚንቶ ጣል ይደረግበት» የሚል ምክር በየቦታው እሰማለሁ። ለእነዚህ ቤቶች አልስማማበትም። ትንሽ የተባለው በየግንበኛው እጅ እየበዛ ይሄድና ኖራው በስም ብቻ ይቀራል። በሌላ በኩል ሲሚንቶ ጠላት ነው እያልኩ አይደለም። ለአዲስ ቤት መሠረት፣ ለኮንክሪት ማሰሪያ፣ ለውሃ ማጠራቀሚያ የሚተካከለው የለም። ቦታው ግን የድሮ ግድግዳ ፊት አይደለም።

ቀጥሎ የማነሳው የመንገዱ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ የነዋሪው አቅም ምንም ሊያደርግ አይችልም፣ ቁልፉ በእናንተ እጅ ነው። በጁገል ብዙ ቤቶች ዘንድ ሽማግሌዎች ከመንገድ ወደ በሩ አንድ ደረጃ ይወጡ እንደነበር ያስታውሳሉ። ዛሬ ከእነዚያ በሮች ወደ አንዳንዶቹ የሚገባው ወርዶ ነው። መንገዱ በተጠገነ ቁጥር አዲሱ ንጣፍ በአሮጌው ላይ እየተደረበ ከፍ ብሏል፤ ኮብልስቶኑም ከግድግዳው ጋር ተጋጥሞ በሲሚንቶ ተዘግቷል። ቀድሞ አየር ያገኝ የነበረው የግድግዳ እግር ዛሬ መሬት ውስጥ ተቀብሯል፤ የመንገዱ ጎርፍም ወደ መካከል መውረዱ ቀርቶ ወደ ቤቱ ያዘነብላል። በዚህ ላይ ምንም ዓይነት ልስን ቢለሰን ዋጋ የለውም። የምለምናችሁ አዲስ ንጣፍ ከመነጠፉ በፊት አሮጌው እንዲነሣ፣ የመንገዱ ተዳፋት ወደ መካከል እንዲመለስ፣ ከግድግዳው ሥርም ስፋቱ እንደ ቦታው የሚወሰን ጠጠር ብቻ የሞላበት ክፍት መስመር እንዲተው ነው። መንገዱ ጠባብ በሆነበት አንድ ስንዝርም ቢሆን ይጠቅማል። ይህንንም ሥራውን በሚወስደው ተቋራጭ ውል ላይ አንድ አንቀጽ ጨምሮ ማስገባት ይቻላል።

ጣራም አለ። አፈር የለበሰው ጠፍጣፋ ጣራ በብዙ ቤት በቆርቆሮ ተተክቷል፤ ቆርቆሮው ግን አሸንዳ የለውም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 60 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ በአንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,800 ሊትር፣ ማለትም ዘጠኝ ባለ 200 ሊትር በርሜል ሙሉ ውሃ፣ በግድግዳው እግር ላይ ይፈሳል። አሸንዳ ከማንኛውም ልስን ይቀድማል፤ ውሃ በጄሪካን እየገዛን በምንኖርባት ከተማ ደግሞ ያ በርሜል ሀብት ነው። የአፈር ጣራ ያላቸው ቤቶች ባለቤቶች ልብ በሉ፦ ባፈሰሰ ቁጥር አፈር መጨመር ጣራውን ያከብደዋል። አሥር ሴንቲ ሜትር አፈር በካሬ ሜትር ከ160 ኪሎ ግራም ያላነሰ ይመዝናል፤ ሲርስ ደግሞ ይብሳል። አሮጌውን አፈር ሳያነሱ አዲስ መጫን ወራጁን መስበር ነው።

የተሰነጠቀ ግድግዳ ሁሉ ይፍረስ የሚል ውሳኔም ያሳስበኛል። ስንጥቅ የቆመ ወይም የሚንቀሳቀስ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ለይቶ ማወቅ ደግሞ ቀላል ነው። ስንጥቁን አቋርጦ ጄሶ መለጠፍና ቀኑን መጻፍ ነው። ከአንድ ክረምት በኋላ ጄሶው ካልተሰነጠቀ ግድግዳው ቆሟል፣ መጠገን ይበቃዋል። ከተሰነጠቀ ምክንያቱ ይፈለጋል። በአንድ ቀን ጉብኝት ብቻ የመቶ ዓመት ቤት ላይ ቀይ ምልክት እንዳይደረግ እጠይቃለሁ። ወደ ውጭ የገፋና የላላ ግድግዳ ግን ጄሶ አያስፈልገውም፤ በአስቸኳይ ይደገፍ፣ ሰውም ከሥሩ ይነሣ።

በየሱቁ «ውሃ የሚከለክል» እየተባለ የሚሸጠውን ቀለምና ፈሳሽ በሚመለከት ለቤት ባለቤቶች አንድ ነገር ልበል። የረጠበን ግድግዳ ፊት መዝጋት እርጥበቱን አያጠፋውም፣ ሌላ መውጫ እንዲፈልግ ያደርገዋል እንጂ። ከውስጥ አንድ ሜትር ያህል ሴራሚክ ያስለጠፉ ቤቶች አይቻለሁ፤ እርጥበቱ ሴራሚኩን ተሻግሮ ከበላዩ ወጥቷል። ለዒድ ቤት የምታሳምሩ እናቶችና እህቶች ያንን የሚያምር ሰማያዊና አረንጓዴ ቀለም በኖራ በጥብጣችሁ ብትቀቡት ግድግዳው ይደርቃል። ፕላስቲክ ቀለም ከሆነ ግን በቀጣዩ ዓመት ሲላላጥ ታገኙታላችሁ።

ከግንቡ ውጭ ባሉት አዳዲስ ሰፈሮች ያለው ችግር ሌላ ነው፤ በአጭሩ ልለፈው። ብሎኬትና ሸክላ ጡብ ከድንጋዩ መሠረት በላይ፣ ከመሬት ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ሬንጅ የተቀባ ወይም ወፍራም ላስቲክ የተነጠፈበት ንጣፍ ካልተደረገ እርጥበት ከመሬት ይስባል፤ ቤቱ ካለቀ በኋላ ይህን ማስተካከል እጅግ ከባድ ነው። ሲሚንቶም ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ ካላገኘ አቅሙን አያገኝም። በ1990ዎቹ የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ ከተማችን ምን ያህል በውሃ እንደተቸገረች ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ግንበኛው ውሃ አጠጡ ሲባል «ሰው የሚጠጣው የለም» ብሎ መመለስ የለመደው በዚያ ዘመን ይመስለኛል። እርጥብ ጆንያ ማልበስ በቱቦ ከመርጨት እጅግ ያነሰ ውሃ ይፈጃል። የፈቃድ ተቆጣጣሪዎች ብረቱን እንደምትቆጥሩት ሁሉ ይህንንም ብትጠይቁ የብዙ ሰው ቤት ይተርፋል።

እንግዲህ ከመጪው ክረምት በፊት እንዲታሰብበት የምጠይቀው ይህ ነው። በከተማው አንድ ቦታ የኖራ ማብረጃ ጉድጓድ ተዘጋጅቶ የላቆጠ ኖራ በመጠነኛ ዋጋ ለነዋሪው ይሸጥ። ዛሬ አንድ ቤተሰብ ኖራ ልግዛ ቢል ከየት እንደሚያገኝ አያውቅም፤ ሲሚንቶ ግን በየማዕዘኑ አለ፤ ሰው ያገኘውን ቢገዛ አይፈረድበትም። የግድግዳ ጥገና ፈቃድ ከአዲስ ግንባታ ፈቃድ ተለይቶ በቀናት ውስጥ የሚያልቅ ይሁን፤ በቅጹ ላይም የልስኑ ዓይነት ኖራ ወይም ጭቃ መሆኑ ይጻፍበት። የኖራን ሥራ ጠንቅቀው የሚያውቁ ጥቂት አረጋውያን ግንበኞች አሁንም በመካከላችን አሉ፤ ወጣቶች ከእነርሱ ጋር በአንድ እውነተኛ ቤት ላይ፣ በክፍያ፣ እየሠሩ ይማሩ። በአዳራሽ የሚሰጥ ሥልጠና ለዚህ ሙያ አይሆንም።

የሲሚንቶ ልስን ለብሰው እርጥብ ሆነው የቆሙ ግድግዳዎችን አንድ በአንድ ላሳያችሁ ፈቃደኛ ነኝ። ብትመጡ መዶሻና መሮ ይዤ እጠብቃለሁ፤ የምንጀምረውም ሥሩ ልጆች ከሚውሉበት ግድግዳ ነው።

ከአክብሮት ጋር
በጁገል የሚሠራ አንድ ግንበኛ
ሐረር